ኤሌክትሪክ የሚያስቀምጥ ጠርሙስ

ጎተራ በቆሎ አያበቅልም፤ የበቀለውን ያስቀምጣል። ኤሌክትሪክም ጎተራ አለው። ስሙ ካፓሲተር ነው። አንዳንድ የሬዲዮ ጠጋኞች ኮንደንሰር ይሉታል። የወለጋው የፊንጫ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ካፓሲተር ግን አያመነጭም፤ የተሰጠውን ይይዛል፣ መንገድ ሲያገኝም በአንዴ ይለቃል። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ሬዲዮ ያለበት ቤት ሁሉ ካፓሲተር አለው። በድሮ ሬዲዮ ጣቢያ ስንፈልግ በቁልፉ የምናዞረው እሱን ነው።

የመጀመሪያው ካፓሲተር ጠርሙስ ነበር። ጀርመናዊው ክላይስትና ሆላንዳዊው ሙሸንብሩክ እ.ኤ.አ. በ1745 እና በ1746 ለየብቻቸው ደረሱበት። ሙሸንብሩክ በላይደን ከተማ አስተማሪ ስለነበር ዕቃው የላይደን ጠርሙስ ተባለ።

እኛም እንሥራው። ባዶ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ እንውሰድ። እስከ ግማሹ ውሃ እንሙላበትና አንድ ማንኪያ ጨው እንጨምር። ከውጭ በኩል ውሃው እስከደረሰበት ድረስ ብቻ በምግብ መጠቅለያ ፎይል እንጠቅልለው። ከፎይሉ በላይ ያለው ክፍል ባዶና ደረቅ ይሁን። ክዳኑን በሚስማር እንብሳውና ሚስማሩን እዚያው እንተወው። ከሚስማሩ ጫፍ የተላጠ ሽቦ አስረን ውሃው ውስጥ እናስገባ። አለቀ።

አሁን ጎተራው እህል ይፈልጋል። አንዱ ሰው ጠርሙሱን ፎይሉ ላይ ይያዝ። ሚስማሩን አይንካ! ሌላው የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ በሱፍ ሹራብ አጥብቆ ይሸው፤ ከዚያም ቧንቧውን በሚስማሩ ራስ ላይ ያሳልፈው። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይደጋገም። ጠ፣ ጠ፣ ጠ የሚል ድምፅ ከተሰማ እየገባ ነው።

ለማውጣት ደግሞ ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ፣ ጫፍና ጫፉን ልጠን እናጥፈው። የለበሰውን ቦታ ይዘን አንዱን ጫፍ ፎይሉ ላይ እናድርግ፣ ሌላውን ወደ ሚስማሩ ራስ እናስጠጋ። ጧ! ብሎ ብልጭ ይላል። ጨለማ ቤት ውስጥ ከሆነ ደስ ይላል። በኦሮምኛ በከካ የሚባለው መብረቅ ታናሽ ወንድሙ ነው ማለት ነው። አንዴ አስነክተን አንተወው፤ ትንሽ ስለሚቀር ደግመን እናስነካ።

ለምን ይጠራቀማል? ከቧንቧው የመጣው ኤሌክትሪክ ውሃው ውስጥ ይገባል። ተቃራኒው ደግሞ በያዥው እጅ በኩል ፎይሉ ላይ ይሰበሰባል። ሁለቱ ይሳሳባሉ፤ ፕላስቲኩ ግን እንደ አጥር ሆኖ አያገናኛቸውም። ፎይሉ በሰፋ፣ አጥሩም በሳሳ ቁጥር የሚያዘው ይበዛል።

በክረምት አትድከሙ። የወለጋ ክረምት እርጥብ ነው፤ የተሰበሰበው በእርጥበቱ በኩል ያመልጣል። ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ።

አሁን ልብ በሉ። ጠርሙሱን ከቤት ሶኬት ጋር ፈጽሞ አታገናኙ። የሶኬቱ 220 ቮልት ይገድላል። ጠርሙሱን አታተልቁ፤ ሁለት ሦስት አድርጋችሁም አትቀጥሉ። የልብ ሕመም ያለበት ሰው አይንካው።

ከጠርሙሱ የበለጠ የሚያሰጋን ግን ሌላ ነው። ጀርባው ያበጠው የድሮ ቴሌቪዥን እስከ ዛሬ በየጓዳው ተቀምጧል። መስተዋቱ ከውስጥም ከውጭም ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ቅብ አለው። በመካከል ያለው አጥር መስተዋቱ ራሱ ነው። እንግዲህ ትልቅ የላይደን ጠርሙስ ነው ማለት ነው። ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ሊይዝ ይችላል። «ከሶኬት ነቅለነዋል» ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ተነቅሎ ለቀናት ሊቆይበት ይችላል። ተበላሽቷል ብላችሁ ለልጆች መጫወቻ አትስጡ። ጀርባውንም ሙያው ካለው ጠጋኝ በቀር ማንም አይክፈተው።