ዘፈናችንን የወደደ በሩንም ይክፈት

በየመርካዝ ክሊታው ብዙ ወላጆች የሚያውቁት ነገር አለ። አባት ማታ የአገር ቤት ዘፈን ይከፍታል፤ ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅ ግን «አባ፣ ቀንሰው፤ ሰው ይሰማል» ይላል። ልጁ ዘፈኑን ጠልቶ አይደለም፤ የወላጆቹ ቋንቋ በዚህ አገር የሚያሳፍር መስሎት ነው። ለዚህ ልጅ ልንነግረው የሚገባ ታሪክ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የታወቀው የዜማ ደራሲ ሽሎሞ ግሮኒክ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆች ከሚዘምሩበት ከሸባ የመዘምራን ቡድን ጋር ሠርቶ ነበር። ከዘፈኖቻቸው እጅግ የታወቀው በሱዳን በኩል የተደረገውን የእግር ጉዞ የሚተርከው ነው። በመንገድ እናቱን ያጣ ልጅ፣ አይሁድነቱን ለሚጠራጠሩት ሰዎች እናቱ በሕይወት ኖራ ብታስረዳለት ሲመኝ ይሰማል። የአገሬው ሰው ይህን ሰማ፤ ወደደውም።

በ2002 ደግሞ የኢዳን ራይክል የመጀመሪያ አልበም ወጣ። አማርኛ ከዕብራይስጥ ጎን ሆኖ በሬዲዮ ተሰማ። ራይክል የኢትዮጵያን ዜማ ያወቀው አዲስ ገቢ ወጣቶች በሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሠራ፣ ከወጣቶቹ ሰምቶ ነው። እነርሱ ድምፁን ቀንሰውት ቢሆን ኖሮ እርሱም ባልሰማ ነበር።

ነገር ግን እውነቱን አንሸፍን። በ1996 መጀመሪያ ወገኖቻችን የለገሱት ደም በስውር ይጣል እንደነበር ታወቀ። በ2015 ከወገኖቻችን አንዱ የሆነ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በቪዲዮ ታየ። የዘፈናችን መወደድ ሁለቱንም አላስቀረም። ያጨበጨበ እጅ ሁሉ በር አልከፈተም። በ1996 በይስሐቅ ናቮን የሚመራው አጣሪ ኮሚሽን፣ ከ2015 በኋላም በኤሚ ፓልሞር የሚመራው ኮሚቴ የተቋቋሙት ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ከጮኸ በኋላ ነው።

ታዲያ ዘፈን ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። ሕግ ጎረቤትን በግድ ሊያስወድድ አይችልም፤ ዘፈን ግን የማያውቀንን ሰው ጆሮ ሳያስገድድ ይከፍታል። በአንጻሩ ዘፈን ልጅን በትምህርት ቤት አያስመዘግብም፤ ሥራ አያስቀጥርም፤ ቤትም አያከራይም። ይህ የሕግና የመብት ሥራ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ ሊተካ አይችልም። ዕርቅ የሚጸናውም የተሰማው ሰው ሙሉ መብቱን ሲያገኝ ነው።

ስለዚህ ለወላጆች የምንለው ይህ ነው። ልጃችሁ «ቀንሰው» ሲላችሁ አትቆጡት፤ አጠገባችሁ አስቀምጡትና ዘፈኑ ምን እንደሚል፣ የት እንደሰማችሁት ንገሩት። ትምህርት ቤቱ በበዓል ቀን እስክስታ አሳዩን ሲላችሁ በደስታ ሂዱ። ነገር ግን የወላጆች ስብሰባ ሲጠራም አትቅሩ። ዕብራይስጡ ባይሞላላችሁም አስተርጓሚ ይዛችሁ ግቡና ልጄ በሒሳብና በንባብ የት ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ።

ለአገሬውም የምንለው አለን። ዘፈናችንን ስለወደዳችሁ እናመሰግናለን። በበዓሉ ቀን በመድረክ ላይ ያጨበጨባችሁለትን ልጅ በማግስቱ በክፍል ውስጥ፣ ሲያድግም በሥራ ቦታ በዚያው ፊት ተቀበሉት።