«ጭቃ ብቻ» ለምትሉ ልጆች

«ወረታ ምን አላት? ጭቃና ትንኝ! መኪና ለመቀየር ካልሆነ ማን ይወርድባታል?» ትላላችሁ፤ ሰምቻችኋለሁ። ጭቃው እውነት ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ ቤቱን ለቅቆ የሚሸሽ ገበሬ አለና፥ ጎርፍ ያምራል ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን በ1970ዎቹ እንግዳ የነበረውን ሩዝ ዛሬ የሚያበቅለው ይኸው ጭቃ ነው። ከሩስያ ምድር ብርዱን ሸሽቶ የሚመጣው ባለረጅም እግር ወፍስ ከጣና ዳር ምን ይፈልጋል? እርሱ ከሚመጣበት እናንተ ትሸሻላችሁ!

«አትሂዱ» የሚሏችሁን ሽማግሎች ግን አልደግፍም። ሂዱ! የእኔም ዓይን የተከፈተው በሄድሁበት አገር ነው። በዋግ ቆላ ሳስተምር ሴቶች ለአንድ እንስራ ውሃ ከሌሊት ይነሡ ነበር። ክፉው ነገር መሄድ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ አፍንጫን ይዞ መመለስ ነው።

ከዋግ በጥቅምት ስመለስ፥ መኪናው ዓለም በርን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ሜዳው ታየኝ፤ ከዳር እስከ ዳር ለምለም፥ የፎገራ ከብት የሞላበት። ልጅ ሳለሁ በዚያው ሜዳ ከብት ጠብቄአለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። ማታ እናቴ ወተት በቅል ሰጠችኝ። «ምነው፥ ዛሬ ቀስ ብለህ ጠጣህ?» አለችኝ።