የወንዝ ዳር ሰላጣ

ላፍቶ ድልድዩ ጋ ከጉሊት ደንበኛዬ ሰላጣ ስገዛ «የየት ነው?» አልኳት። «የወንዝ ዳር ነዋ! ምነው ዛሬ?» አለችኝ። ወንዙ የአዲስ አበባን ፍሳሽ የሚሸከመው ትንሹ አቃቂ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ፊቴን አይታ ነው መሰል፣ «እኔም ለልጆቼ የማቀርበው ይህንኑ ነው» ብላ ጨመረችልኝ። መልስ አጣሁና ገዛሁ።

ቤት ስደርስ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ በኮምጣጤ ዘፈዘፍኩት፤ የራሴን ልብ ለማረጋጋት ነው። ማጠብ አፈሩንና ጀርሙን ይቀንስ ይሆናል። ተክሉ በሥሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባው ካድሚየም ወይም እርሳስ ግን በኮምጣጤ አይወጣም።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ፍስሃ ኢታና የተባሉ ተመራማሪ በአዲስ አበባ የሚበቅሉ ቅጠላቅጠሎችን መርምረው ውጤቱን በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት አሳትመዋል። ጥቅል ጎመን ከሌሎቹ ቅጠሎች ያነሰ ብረታ ብረት እንደሚሰበስብ ያኔ ተጽፏል። ይህች አንዲት መስመር ለወንዝ ዳር ገበሬ ምን ቢተክል እንደሚሻለው ትነግረዋለች። ችግሩ የተጻፈችው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው! ናሙና ሊወስዱ ጠርሙስ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎችን የሰፈራችን ሰው ያውቃቸዋል፤ ውጤቱን ሊነግሩት ሲመለሱ ያየ ግን አላገኘሁም። ከመቶ ገጽ መመረቂያ ጽሑፍ ይልቅ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ አንድ ገጽ ለላፍቶ በጠቀመ ነበር።

ገበሬውን ከወንዙ ዳር እናባርር የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ውኃውን ያቆሸሸው እሱ አይደለም። ከላይ የሚለቀቀው የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ቤት ቱቦና የጋራዥ ዘይት ወርዶ ነው እሱ ጋ የሚደርሰው።

ሕግም አለን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው በግሉ ተጎዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። አቤቱታው የቀረበለት መሥሪያ ቤት በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልወሰነ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ APAP ተብሎ የሚታወቀው የመብት ተሟጋች ድርጅት ይህን በር አንኳኩቷል። የአቃቂና የሞጆ ወንዞችን ከብክለት አልጠበቀም ብሎ የፌደራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሰሰ። በ1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ክሱ በዚህ መሥሪያ ቤት ላይ ሊቀርብ አይገባም ብሎ ዘጋው። ብዙዎች ይህን ሽንፈት ብለው ያልፉታል። ለእኔ ግን የሚቀጥለው ከሳሽ የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለበት ጠቁሟል፤ የከተማውን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት።

ያ ከሳሽ የግድ ጠበቃ የሞላበት ድርጅት መሆን አለበት? ሕጉ «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው። ላፍቶ ውስጥ ደግሞ መዝገብ የሚይዝ፣ ገንዘብ የሚያዋጣ፣ የቀረ አባል የሚቀጣ ማኅበር ሞልቷል። የእኛ ዕድር ለሞተ ሰው ድንኳን ለመትከል ሁለት ሰዓት አይፈጅበትም።

የፊታችን እሑድ ስብሰባ አለን። አጀንዳው የተቀደደው ድንኳንና የወንበር ግዢ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ወንዙ ግማሽ ሰዓት እንዲሰጠኝ ጸሐፊውን ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ሩብ ሰዓት ይበቃሃል» አሉ። አንቀጽ 11ን በእጄ ገልብጬ ይዣለሁ።