የወደቀው ቦምብ የማን ነበር? የሐዲያና የከምባታ ከተሞች የጦርነት ትዝታ በታሪካዊ ልቦለድ

ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ በደቡብ ጦርነቱ አላበቃም ነበር። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ግንቦት 11 ቀን፣ የሐዲያና የከምባታ ጎረቤት በሆነችው በሀላባ ቁሊቶ፣ በብላቴ ወንዝ መሻገሪያ ላይ፣ የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ከጣሊያን ታንኮች ጋር ተዋጋ። ሶዶ ግንቦት 14፣ ጅማ ደግሞ ሰኔ 14 ቀን ከጣሊያን እጅ ወጡ። በዚያው ዘመቻ በደቡብ የጣሊያንን ይዞታዎች ከአየር ይደበድቡ የነበሩት የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ናቸው። ስለዚህ ሆሳዕናን፣ ዱራሜን ወይም ቁሊቶን መቼት አድርጎ ታሪካዊ ልቦለድ ለመጻፍ የተነሣ ደራሲ፣ አንድ የአገር ሽማግሌ «በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን መጥቶ ቦምብ ጣለ» ሲሉት የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ሰው ሞተ?» ሳይሆን «በየትኛው ዓመት? የማን አውሮፕላን?» መሆን ይገባዋል።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ምክንያቱም የአየር ድብደባ በአንባቢው ኅሊና የተቀረጸ አንድ መልክ አለው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ሆስፒታሉ እንኳ አልተረፈም። ታኅሣሥ 20 ቀን በደቡብ ግንባር፣ በመልካ ዲዳ፣ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ጋር የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ተደበደበ። እነዚህ ግፎች በዝርዝር ሊታወቁ የቻሉት በቦታው የውጭ አገር ጋዜጠኞችና ሐኪሞች ስለነበሩ ነው። ብዕርና ካሜራ የያዘ ምስክር ያልደረሰበት ከተማ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አልተረፈለትም። ደራሲው ይህን ባዶ ቦታ የደሴን እሳት ተበድሮ ቢሞላው፣ የከተማዋን ስም ጠብቆ ታሪኳን ለወጠባት ማለት ነው።

በዚህ አካባቢ ያለው ችግር ከሌላው የሚለየው ጦርነቱ ሁለት ጊዜ ስላለፈበት ነው። የመጀመሪያው ራስ ደስታ ከይርጋለም ተነሥተው ወደ ጉራጌ ምድር ያፈገፈጉበትና የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ የተገደሉበት ጊዜ ነው፤ በሰማይ ላይ የሚያንዣብበው አውሮፕላን የወራሪው ነበር። ሁለተኛው የ1933 ዓ.ም. የነጻነት ዘመቻ ሲሆን፣ በዚህኛው ቦምቡ ከነጻ አውጪው ወገን ሊመጣ ይችል ነበር። በቃል ትውፊት ግን ሁለቱም «የጣሊያን ጊዜ» በሚል አንድ ስም ይጠቃለላሉ። በወዳጅ ቦምብ የተጎዳ ገበሬ ሐዘን በጠላት ቦምብ ከተጎዳው ሐዘን አያንስም፤ ሆኖም ተጠያቂው አንድ አይደለም። ልቦለዱ እዚህ ላይ ቢሳሳት የሟቹን ቤተሰብ ከእውነቱ ያርቃል፤ የወራሪውን እውነተኛ ወንጀል ለመካድ ለሚፈልግም ማስተባበያ ያቀብላል።

ሁለቱን ዘመናት ለመለየት የአካባቢው ሕይወት ራሱ መለኪያ አለው። ጊዜው በልግ ነበር ወይስ ክረምት? ምስክሩ ከማግባታቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ? በጓሮ የነበረው እንሰት ገና ችግኝ ነበር ወይስ ለመፋቅ ደርሶ ነበር? እንሰት ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ የጓሮው ትዝታ ሊታመን የሚችልበት ጊዜ አለ። በጽሑፍ ምንጮችም ረገድ ጥንቃቄ ያሻል። 1928 ዓ.ም. የጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን ስለነበረ፣ እስከ የካቲት ያሉትን ቀናት በተለመደው ስሌት የሚመልስ ሰው አንድ ቀን ይሳሳታል። የቦታ ስምም ያሳስታል፤ ቁሊቶ በእንግሊዝ ሰነድ «ኮሊቶ» ናት፤ ሆሳዕናም ዋቸሞ በተባለው ቀዳሚ ስሟ ካልተፈለገች ልታመልጥ ትችላለች።

የምንጮቹ አድልዎም መመዘን አለበት። በብላቴው ውጊያ ታንክ ላይ ወጥቶ የተዋጋውና በዚያው የወደቀው የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ሃምሳ አለቃ ናይጀል ሊኪ የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ቪክቶሪያ ክሮስን ከሞተ በኋላ አግኝቷል። የሽልማቱ ጽሑፍ ወንዙን፣ ታንኮቹንና ጀግንነቱን ያወሳል፤ በወንዙ ዳር ይኖር የነበረው ሕዝብ ግን በውስጡ የለም። ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሶዶና በሆሳዕና ይሠሩ የነበሩት የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሚስዮናውያን ደብዳቤዎች የዕለት ኑሮን ለማወቅ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ሚስዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአካባቢው እንዲወጡ ስለተደረጉ፣ ለ1933 ዓ.ም. ምስክር ሊሆኑ አይችሉም። ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውካምፐር በ1960ዎቹ ከሐዲያ ሽማግሌዎች የሰበሰበው የቃል ታሪክ ዛሬ ሊተካ የማይችል ነው፤ በ1933 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ቢኖር ዕድሜው ከ90 ዓመት በላይ ይሆን ነበርና።

ሰነድና ትውፊት ሲገናኙ ምን ያህል እንደሚያስገኙ በመንዝ የሚገኘው የዘረት ዋሻ ያስተምራል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በዋሻው የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ አጥቅቶ ብዙዎችን ፈጀ። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የወታደር ሰነዶችን ተከትሎ ቦታውን በ1998 ዓ.ም. ለዓለም አሳወቀ፤ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎችም በኋላ ዋሻውን አጠኑ። ለአካባቢው ሕዝብ ግን ቦታው ጠፍቶ አያውቅም። ሰነዱ ቀኑንና ፈጻሚውን ሲሰጥ፣ ሕዝቡ ቦታውንና ትርጉሙን ጠብቆ ቆይቷል።

«ልቦለድ ታሪክ አይደለም፤ ደራሲን በማስረጃ ማሰር ጥበብን መግደል ነው» የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። መዓዛ መንግሥቴ በጦርነቱ ስለተሰለፉ ሴቶች የጻፈችው ልቦለድ ኃይሉን ያገኘው መዛግብት ያልያዙትን ውስጣዊ ሕይወት በመፍጠሯ ነው። ደራሲ ፍርሃትን፣ ፍቅርን፣ ክህደትን፣ ያልተነገረ ንግግርን የመፍጠር ሙሉ መብት አለው። ይሁን እንጂ የእውነተኛ ከተማን ስም በመጽሐፉ ላይ ካሰፈረ፣ ቀኑንና ቦምቡን የጣለውን እጅ መፍጠር የእሱ ድርሻ አይደለም። ነጻነቱን የሚሻ ደራሲ ለከተማው የፈጠራ ስም ይስጠው፤ ይህ የቆየና የተከበረ መንገድ ነው። በጽሑፍ ታሪኩ በሳሳበት አካባቢ ልቦለዱ ራሱ ነገ ምንጭ ሆኖ ይጠቀሳልና፣ አንድ የተሳሳተ ምዕራፍ በሚቀጥለው ትውልድ አፍ ትውፊት ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

ይህ ሸክም በደራሲው ብቻ የሚወድቅ አይደለም። በሆሳዕና የሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና ሌሎች የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች፣ ተማሪዎቻቸው የሚቀዱትን ምስክርነት በሐዲይኛ፣ በከምባትኛና በሀላብኛ እንደተነገረ ከነድምፁ ሊያስቀምጡት ይገባል፤ በመመረቂያ ጽሑፍ ግርጌ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጨመቀ አንድ ዓረፍተ ነገር አይበቃም። ልጆቹ የነገሩን ሁሉ ከወላጆቻቸው የሰሙት ነው፤ እነርሱም እያረጁ ናቸው። ደራሲውና የታሪክ ተማሪው በአንድ ጓሮ ተቀምጠው፣ አንዱ ቀኑን ሌላው ስሜቱን ቢጠይቁ፣ የተገኘው መልስ ለሁለቱም ይበቃል።