የትምህርት ክፍሎች ሒሳብና የሰኔ ግርግር

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ስላሉት የትምህርት ክፍሎች የሒሳብ አያያዝና የሒሳብ መግለጫ አቀራረብ ያለኝን አሳብ በጋዜጣችሁ ዓምድ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። እኔ በሙያዬ የመንግሥት ሒሳብ ሠራተኛ ስሆን፤ ይህን የምጽፈው ሥራው እንዲሻሻል በመመኘት ነው እንጂ ማንንም ለመንቀፍ አይደለም።

ሁሉም እንደሚያውቀው የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለአንድ የትምህርት ክፍል፤ ለምሳሌ ለኬሚስትሪ ክፍል፤ ለኬሚካልና ለወረቀት፤ ለመስክ ጉዞም የሚሆን ገንዘብ ይመደብለታል። ነገር ግን የክፍሉን ኃላፊ በጥር ወር አግኝታችሁ «ምን ያህል ወጣ? ምን ያህልስ ቀረ?» ብትሉት፤ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት መልስ «ፋይናንስን ጠይቁ» የሚል ነው። ፋይናንስም ሲጠየቅ የኮሌጁን ጠቅላላ ድምር ይናገራል እንጂ የአንዱን ክፍል ለይቶ ለማሳየት ይቸገራል።

የዚህ ምክንያቱ ሥውር አይደለም። የመንግሥት ሒሳብ የሚመዘገበው በወጪ መደብ ነው። የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ በ6111፤ አላቂ የቢሮ ዕቃ በ6212፤ ነዳጅ በ6217፤ ውሎ አበል በ6231 ይጻፋል። እነዚህ ቁጥሮች ገንዘቡ ለምን እንደ ወጣ ይነግሩናል፤ የትኛው ክፍል እንዳወጣው ግን አይነግሩንም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክፍል ንኡስ መዝገብ ካልተከፈተለት፤ ቀድሞ የጠየቀ ያገኛል፤ ዝም ያለ ደግሞ ሳይደርሰው ይቀራል። ይህም ሲሆን ማንም ሕግ አልጣሰም፤ ነገር ግን ፍርዱ ተጓደለ።

ሁለተኛው ችግር የታዘዘውን ዕቃ ከሒሳብ አለማስገባት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ክፍል 200,000 ብር ተመድቦለት 60,000 ብር ከፍሏል፤ የ90,000 ብር ዕቃ ደግሞ አዝዞ ገና አልተረከበም እንበል። የተከፈለውን ብቻ የሚያይ ሰው 140,000 ብር ቀርቶኛል ብሎ ደስ ይለዋል። እውነተኛው ቀሪ ግን 50,000 ብር ብቻ ነው። በግንቦት ወር የምንሰማው «ገንዘብ አለ ብላችሁን ነበር» «የለም አልን እንጂ» የሚለው ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ሦስተኛው ያልተወራረደ ሒሳብ ነው። አንድ መምህር ተማሪዎችን ይዞ ለመስክ ትምህርት ሲወጣ ቅድሚያ ክፍያ ይወስዳል። ደረሰኙን አምጥቶ እስኪያወራርድ ድረስ ገንዘቡ በስሙ ተሰብሳቢ ሆኖ ይቆያል፤ በመዝገብም ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሀብት መስሎ ይታያል። መምህሩ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ቢሄድ ወይም ቢዛወር፤ ያ ሀብት ወረቀት ብቻ ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ ደረሰኙን በጊዜው አስረክቦ ሳለ ሳይመዘገብለት ቀርቶ፤ ከዓመታት በኋላ የሥራ መልቀቂያ ሲጠይቅ «ዕዳ አለብህ» የሚባል ሰው አለ። ጥፋቱ በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ውስጥ ያልተወራረደ ሒሳብ ደጋግሞ ሲጠቀስ የቆየ ጉድለት ነው፤ ከሚጠቀሱት መካከልም ዩኒቨርሲቲዎች አልታጡም።

እነዚህ ሦስቱ ተደማምረው የሰኔን ግርግር ይወልዳሉ። ቀሪውን ሳያውቅ አሥር ወር የተቀመጠ ክፍል፤ በመጨረሻው ወር ገንዘቡ እንዳይመለስ ሲል ያገኘውን ይገዛል። «ግርግር ለሌባ ያመቻል» ይባላል፤ ሌባ ባይኖርም እንኳ ግርግሩ ብቻውን ያከስራል። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 20 የሚጠይቀው ግን የለም፤ በሞዴል 22ም ወጪ ሳይደረግ መጋዘን ውስጥ ይከርማል። የቤተ ሙከራ ኬሚካል ደግሞ የማብቂያ ቀን ያለው ነገር ነው። ሒሳቡ በሰነድ የተሟላ ሆኖ ሳለ፤ ተማሪው ሙከራውን በእጁ ሳይሠራ በሰሌዳ ላይ ብቻ አይቶ ይመረቃል። ጉዳዩ የሒሳብ ሠራተኛን ብቻ የሚመለከት አይደለም የምለው ስለዚህ ነው።

ነገሩ ዛሬ የበለጠ ያሳስባል። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እንዲሆኑ መንገድ ተከፍቷል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆኗል። ነፃነቱ መልካም ነው። ነገር ግን የክፍሎቹን ወጪና ገቢ ለይቶ የማያውቅ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በምን ያውቃል? ከተማሪው የሚጠይቀውንስ ክፍያ በምን ይተምናል? ያለ ክፍል ሒሳብ ራስ ገዝ መሆን ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ይሆናል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የተመደበው፤ የተከፈለው፤ የታዘዘውና እውነተኛው ቀሪ በአንድ ገጽ ተጽፎ ወር በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለኃላፊው ይድረሰው። ኃላፊውም ከራሱ ማስታወሻ ጋር አመሳክሮ ይፈርምበት።

ሁለተኛ፤ የቀድሞውን ቅድሚያ ክፍያ ያላወራረደ ሰው ሌላ አይሰጠው። ደረሰኙን ላስረከበ ሰው ደግሞ ወዲያውኑ የመረከቢያ ወረቀት ይሰጠው።

ሦስተኛ፤ ግዢ የሚጠይቀው፤ የሚፈቅደውና ዕቃውን የሚረከበው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ትንሽ ክፍል ሰው ቢያጥረው ከጎረቤት ክፍል ይዋስ።

አራተኛ፤ ለምርምር ከውጭ የሚገኝ ርዳታ ለሰጪው ብቻ ሳይሆን ለዩኒቨርሲቲውም መዝገብ ይቅረብ፤ በገንዘቡ የተገዛው መሣሪያም በንብረት መዝገብ ይግባ።

አንዳንድ መምህራን «እኛ ለማስተማር እንጂ ለሒሳብ አልተቀጠርንም» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ መዝገብ መያዝ የእነርሱ ሥራ አይደለም። ነገር ግን መግለጫን አንብቦ መረዳት የማንኛውም ኃላፊ ግዴታ ነው። የሁለትዮሽ ሒሳብ አመዘጋገብን እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ በታተመ መጽሐፍ ያብራራው ሉካ ፓቾሊ የሒሳብ ትምህርት መምህር የነበረ መነኩሴ ነው። መምህር የጻፈውን ነገር መምህር ለማንበብ አይከብደውም።

የፋይናንስ ባልደረቦቼም ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። መግለጫ የምናዘጋጀው ለኦዲተር ብቻ አይደለም። በጥር ወር የደረሰ አንድ ገጽ ወረቀት፤ በነሐሴ ከሚጻፍ ወፍራም ሪፖርት ይልቅ ለቤተ ሙከራው ይጠቅማል፤ ስሕተቱን ለማረም ጊዜ ይሰጣልና።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሒሳብ ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ