ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለበት፤ እጁ የገባውን ወረቀት ሁሉ እንደ ድርሰት ያነባል። የመብራት ቢልም ይሁን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስትራቴጂክ ዕቅድ ለሱ ያው ነው። እኔም ከዚህ አመል አልተላቀቅሁምና እስቲ የነዚህን ዕቅዶች ቋንቋ አብረን እንመልከት።

መጀመሪያ ራእይ ይመጣል። ተልእኮና እሴት ይከተላሉ። ከዚያ ግሶቹ ይጎርፋሉ፦ ቤተ ሙከራዎች ይደራጃሉ፣ የኢንዱስትሪ ትስስር ይጠናከራል፣ የምርምር ውጤት ወደ ኅብረተሰቡ እንዲሸጋገር ይደረጋል። ሁሉም ተገብሮ ግስ! ሰዋስው የጠየቅነው እንደሆነ «ባለቤቱ ቤተ ሙከራ ነው» ይለናል። ግን ቤተ ሙከራ ራሱን በራሱ አያደራጅም። ማን ነው የሚያደራጀው? መቼ? ሳያደራጅ ቢቀርስ ማን ይጠየቃል? አድራጊው የለም።

ነገሩ የሰዋስው ብቻ ቢሆን ስቀን ባለፍነው ነበር። በ2003 ዓ.ም. የአዳማው ዩኒቨርሲቲ «ሳይንስና ቴክኖሎጂ» የሚል ስም ሲጨመርለት፣ የአዲስ አበባው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዓመት ሲቋቋም፣ የበላያቸው ትምህርት ሚኒስቴር ነበር። በ2006 ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተሰጡ። በ2011 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት ተፈጠረና ተረከባቸው። በ2014 እሱም ቀረና ተመልሰው ትምህርት ሚኒስቴር ገቡ። በአሥራ አንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ባለቤት ቀየሩ ማለት ነው።

አገሪቱ ደግሞ በነዚሁ ዓመታት የረጅም ጊዜ ዕቅድ ስታወጣ ነበር። ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ2008 እስከ 2012 ሲሄድ፣ መጀመሪያው ላይ ዩኒቨርሲቲዎቹን ይቆጣጠር የነበረው ሚኒስቴር መጨረሻው ላይ አልነበረም። ከ2013 እስከ 2022 የተዘረጋው የዐሥር ዓመት ዕቅድም ገና በሁለተኛ ዓመቱ ተቆጣጣሪ ተቀየረበት። እንግዲህ ያልተሳካውን ግብ ተሸክመው ማን በር ላይ ይቆማሉ? ቃል የገባውም ቃል የተቀበለውም ቢሮ ቀይሯል።

መለኪያውም እንዲሁ ነው። ቢፒአር መጣ፤ ሠለጠንን። ቢኤስሲ መጣ፤ ሠለጠንን። ካይዘን መጣ፤ አሁን ደግሞ ኬፒአይ። ሜትሩን እየቀያየርን ጨርቁ ሳይለካ ቀረ።

ቁጥር ያለው ግብ አልነበረንም አይባልም። በ2000 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተባለ። እንዲህ ያለው ግብ ለአቃጁ ምቹ ነው፤ ተማሪ በምደባ ይመጣልና። ቶርኖ ግን በምደባ አይመጣም። ቶርኖውን የሚያስነሳ፣ ሲበላሽ የሚጠግን፣ ተማሪው ጎን ቆሞ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» የሚል ቴክኒሻንም በምደባ አይመጣም። ስለዚህ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ጨርሶ ብረት ሳይልጥ ጋዋን የለበሰ ልጅ አለን። ሲቪል ተምሮ ኮብልስቶን ሲያነጥፍ ያየነው ልጅም አለን። ሪፖርቱ ላይ እነዚህ ልጆች የት እንዳሉ ታውቃላችሁ? «ተሳክቷል» በሚለው ዓምድ ውስጥ ናቸው። ተመርቀዋላ!

«የውጭ ምንዛሪ በሌለበት አገር ማሽን ከየት ይምጣ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው። «መምህሩ በዚህ ደመወዝ ቤት ኪራይ ከፍሎ ምን ይተርፈዋል?» ይለኛል፤ እሱም እውነት ነው። ታዲያ ይኸው ይጻፋ! «ማሽኑ አልተገዛም፤ ምክንያቱ ይኼ ነው፤ የተከታተለው ኃላፊ እገሌ ነው» ብሎ ለመጻፍ ዶላር አያስፈልግም። የቸገረው ዩኒቨርሲቲ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ችግሩን «በሂደት ላይ ያለ» እያለ ከዓመት ዓመት የሚያሻግር ሪፖርት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏል ይኼ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ብዙ ቅሬታ ቢነሳበትም እኔ እደግፈዋለሁ፤ አስተማሪው ብቻውን ማርክ ሰጥቶ የሚሸኝበትን ዘመን አሳጥሮታልና። ግን የሚፈተነው ማን ነው? የሃያ ሁለትና የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ። ያለ ወርክሾፕ እንዲማር ያቀደለት ሰው አይፈተንም።

ለዕቅዱም የመውጫ ፈተና ይሰጠው እላለሁ። አዲስ ራእይ ከመጽደቁ በፊት አሮጌው አጠገቡ ይታተም፤ ምን ተብሎ ነበር? ማን ነበር ያለው? ምን ተሠራ? ምን ቀረ? ከዚያ አንድ ተማሪ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ሰዓት ማሽን ላይ እንደቆመ ይጻፍ። ይኼን መመለስ ያልቻለ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ራእይ ከመጻፉ በፊት ወድቋልና፣ እንደ ማንኛውም የወደቀ ተማሪ ያንኑ ትምህርት ይድገም።