ጃንደረባው ዘር አልነበረውም

«ኢትዮጵያ ቃል ኪዳን ያላት አገር ናት፤ አትጠፋም።» ይህ አባባል ጦርነት ሲነሳ ይሰማል፣ ኑሮ ሲወደድ ይሰማል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስን አፍርሶ ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይም ለመጽናኛ የሚበቃ ቃል ነው። በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያስቀድሰውም፣ በአዳራሽ የሚዘምረው ጴንጤም በዚህ አንድ ነገር ይስማማሉ። መጽናናት ነውር የለውም። ግን ቃል ኪዳኑ በምን በኩል መጣ? በደም ነው በጥምቀት?

የደሙን መልስ ሁሉም ያውቀዋል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በግእዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥት ንግሥተ ሳባ ከሰሎሞን ቀዳማዊ ምኒልክን እንደወለደች፣ ታቦተ ጽዮን ወደዚህ እንደመጣች፣ የእስራኤልም ክብር አብሮ እንደተሻገረ ይተርካል። ትረካው በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከዚሁ ሐረግ ጋር አሰረው። የእግዚአብሔር ቃል ኪዳን የዙፋን ውርስ ማስረጃ ሆነ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ፣ ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ካለው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ የሐረጉ ባለቤት በቮልስዋገን ተጭነው ሄዱ።

ጳውሎስ ግን ሌላ ነገር ነው የጻፈው። በሮሜ ምዕራፍ 11 አሕዛብን የሚመስላቸው በሰው ወይራ ላይ በገባ የበረሃ ወይራ ቅርንጫፍ ነው። ሥሩ ቅርንጫፉን ይሸከማል እንጂ ቅርንጫፉ ሥሩን አይሸከምም፤ ስለዚህ በተሰበሩት ቅርንጫፎች ላይ አትመካ ይላል። «ክብሩ ከእነርሱ ተነጥቆ ለእኛ ተሰጠ» ማለት ከዚህ የከፋ ምን መመካት አለ?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ም አለ። ኢትዮጵያውያን የምንኮራበት የሕንደኬ ሹም (አገሩ መርዌ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፣ ይሁን) ጃንደረባ ነው። ልጅ አይወልድም፤ ዘሩ በእርሱ ያበቃል። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ኢሳይያስን እያነበበ ነበር። ፊልጶስ ማን ወለደህ አላለውም። ውኃ አገኙ፣ ተጠመቀ፣ ደስ ብሎት ሄደ። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚጠራበት ሕፃንም ቢሆን ከሰሎሞን ቤት አይደለም። ሐምሌ 19 ከፈላ ውኃ መዳናቸው የሚዘከርላቸው ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ በሮም ግዛት የተሰየፉ ሰማዕታት ናቸው።

የደም ቃል ኪዳን ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ አገር እስራኤላዊ ነን የሚሉ ሌሎች ነበሩ፤ ቤተ እስራኤል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ካልተጠመቁ የአባታቸውን ርስት እንዳይወርሱ እንዳወጀባቸው ይነገራል። «ፈላሻ» የሚለውም ስም ከዚያ ጋር ይያያዛል። ርስት የተነጠቀ ገበሬ ብረት ቀጥቅጦ፣ ሸክላ ሠርቶ ሲያድር «ቡዳ» ተባለ። የይሁዳ አንበሳ በባንዲራው ላይ እያለ፣ ከይሁዳ ሃይማኖት የነበረው ሰው መሬት አልነበረውም።

በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲሄድ «ቃል ኪዳኑ እኛ ጋ ነው» የሚሉት የት ነበሩ? ዛሬም ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ተራ የሚጠብቁ፣ የአያታቸውን ዘር አስረዱ የሚባሉ ቤተሰቦች አሉ። ስለ ቃል ኪዳን በየሳምንቱ የሚሰብከው መድረክ ስለ እነርሱ ስንት ጊዜ ሰብኳል?